ምራቴ ያልተረጎመችልኝ ተረት

ልጅ ሳለሁ በነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ሥር ከተደረደሩት የቆርቆሮ ቤቶች በአንዱ ውስጥ፣ ምሽቱ የሚጀምረው እናቴ የኩራዙን ክር ዝቅ ስታደርገው ነበር። ላምባ ለመቆጠብ ይሁን ተረቱ ጨለማ ስለሚወድ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የግራሩ ፍም ነጭ አመድ ለብሶ ምድጃው ውስጥ ሲተኛ፣ ጭሱ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ ራሴን በጭኗ ላይ አሳርፌ እሰማት ነበር። እናቴ የጉጂ ልጅ ነበረችና ተረቷ በኦሮምኛ ነበር። «ዱሪ ዱሪ» ብላ፣ ማለትም ከረጅም ከረጅም ጊዜ በፊት ብላ ስትጀምር፣ ያኔ ከአጥሩ ማዶ የሚነፋው የወታደሮቹ ጡሩምባ እንኳ ከጅቡና ከቀበሮው አገር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከሰሜን ደጋ የመጣ አሥር አለቃ ነበር። አንድ ምሽት ከጥበቃ ቀደም ብሎ ተመልሶ ኖሮ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ አየነው። «ይህ ልጅ ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ ለመምህሩ በዚህ ቋንቋ ነው የሚመልሰው?» አላት። አልጮኸም። እናቴም «ተረት እኮ ነው» ብላ ሳቀች። በማግስቱ ተረቱን በአማርኛ ሞከረችው፤ ያኔ አማርኛዋ ለገበያና ለአባቴ የሚበቃ እንጂ ለጅብ የሚበቃ አልነበረም። ጥቂት ምሽቶች ከታገለች በኋላ ተወችው። እኔም አልጠየቅኋትም። በአማርኛ ከክፍሌ አንደኛ እወጣ ስለነበር አባቴ ትክክል ነው ብዬ አመንሁ፤ ይህንኑ እምነት ይዤ መምህር፣ ኋላም ርእሰ መምህር ሆንሁ፤ በሌሎች ከተሞች ረጅም ዘመን አገልግዬ፣ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ወደ ነገሌ ተመልሼ ጡረታ ወጣሁ።

ይህን የማነሣው ስለ ምራቴ ስለ ማሪሳ ለመጻፍ ነው።

ልጄ ደረጀ በዐረብ አገር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኖ ሲኖር ያገባት ፊሊፒናዊት ናት። የአምስት ዓመት ልጃቸውን ቤዛን ይዘው ለዕረፍት ሲመጡ፣ ባለቤቴ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ደረጀ ወደ ሥራው ሊመለስ ሲሰናዳ፣ ማሪሳ ከልጇ ጋር እዚህ እንደምትቀር ነገረችኝ። ምክንያቷን በዚያ አጫጭር አማርኛዋ እንዲህ አስረዳችኝ፦ «አባባ ብቻቸውን ይበላሉ። እኛ አገር ሽማግሌ ብቻውን አይበላም። ነውር ነው።» እኔ ማንንም ቅሪልኝ አላልሁም ነበር። ደስ ብሎኝ ሳለ ደስታዬን አልነገርኋትም።

ደረጀ የሚሄድበት ዕለት ጎረቤቴን ጡረተኛውን ሻምበል ጨምረን ምሳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ባጃጁ ውጭ ጡሩምባውን ደጋግሞ ሲነፋ ደረጀ እጁን ታጥቦ፣ ሁላችንንም ስሞ፣ ምግቡን ሳይጨርስ ወጣ። ይኸኔ ማሪሳ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና በመካከላችን ያለውን ሰፊ ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ዙሪያውን አዞረችው። በፊቴ የነበረው ሥጋ ወደ እሷ ሄደ፤ በፊቷ የነበረው ጎመን ወደ እኔ መጣ። ሻምበሉ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«መምህር፣ ምራትህ የጦር ስልት ታውቃለች! ምሽጌን አስለቀቀችኝ እኮ» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አፈርሁ። «ገበታ እንደ መኪና መሪ አይዞርም» አልኋት። «በዚህ ቤት ሁሉም ከፊቱ ነው የሚበላው።»

ማሪሳ ፊቷ ቀላ፤ ተቀመጠች፤ ሌላ ጉርሻ አልጎረሰችም። እጃችንን ስንታጠብ ቤዛ ወደ ጆሮዬ ተጠጋችና ነገሩን አብራራችልኝ። በእናቷ አገር እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሳሕን አለው፤ ሰው ምግብ ላይ ሳለ ከተነሣና መንገድ ከሄደ፣ የቀሩት ሁሉ መንገደኛው በደኅና እንዲደርስ ሳሕናቸውን ያዞራሉ። እኛ ሳሕን የለንም፤ ገበታችን አንድ ነው። እሷም ያለውን አዞረች። ይህን ስሰማ ወደ ማዕድ ቤት ሄጄ አንድ ቃል ማለት ይገባኝ ነበር። ይቅርታ መጠየቅን ለተማሪዎቼ እንጂ ለራሴ አላስተማርሁም ነበርና ጋዜጣዬን አነሣሁ።

ከተማው ቶሎ ለመዳት። የባጃጅ ልጆች መጀመሪያ «ቻይና፣ የት ላድርስሽ?» ይሏት ነበር፤ እሷም «ቻይና አይደለሁም። የመምህር ምራት ነኝ። ገበያ አድርሰኝ፣ ዋጋ አትጨምር» ትላቸዋለች። ከሱቋ ባለቤት ከሃሊማ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም» «ናጋ» ተባብለው ሳይጠግቡ አይለያዩም። ሩዝ ስትለቅም፣ የቤዛን ፀጉር ስትጎነጉን፣ ልብስ ስታሰጣ፣ የሐሳቧን ጫፍ ጫፍ ትነግረኛለች። «አባባ፣ እናንተ በር ላይ ሰው ሲያልፍ ‹እንብላ› ትላላችሁ። እናቴም እንደዚያ ናት። የማታውቀውን ሰው ትጠራለች። ለዚህ ነው አገራችሁ ያልከበደኝ።» ሌላ ቀን ደግሞ፣ «እናቴ ዓሣ ታጥባለች፣ ትናገራለች። ትጠርጋለች፣ ትናገራለች። እኛ የምንሰማት አይመስላትም። ግን ሁሉን ሰምተናል» አለችኝ። ያኔ ራሴን በመነቅነቅ ብቻ እመልስላት ነበር።

ማታ ማታ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ በተለይ፣ ከሰሉ ፍም ፊት ለቤዛ በአገሯ ቋንቋ ተረት ታወራላታለች። እኔ በሚቀጥለው ክፍል በባትሪ ብርሃን እያነበብሁ እሰማለሁ። ድምጿ ቀን ከማውቀው ድምፅ የተለየ ነበር፤ ቀን በአማርኛ እንደ እንግዳ ጠርዝ ላይ የምትቀመጠው ሴት፣ ማታ እግሯን ዘርግታ የተቀመጠች ያህል ነበር። ቤዛ ትስቃለች፤ አንዳንዴም ትጮኻለች። ሁለቱ ሲስቁ እኔ በራሴ ቤት የተረሳሁ መሰለኝ። እውነቱ ይኸው ነው። ለራሴ የነገርሁት ግን ሌላ ነበር፤ ልጅቱ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፣ በመንገድ ኦሮምኛ ትሰማለች፣ በቤት አማርኛ አለ፣ ሦስተኛው ያደናግራታል አልሁ።

አንድ ምሽት በሩ ላይ ቆሜ፣ «በዚህ ቤት ሁላችንም የምንሰማው ቋንቋ ነው የሚወራው» አልሁ። አልጮኽሁም።

ማሪሳ ቀና ብላ አየችኝ። «እሺ አባባ» አለች። የአባቴን አቋቋም እንደቆምሁ እንኳ አላስተዋልሁም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ቤዛ በአማርኛ ድርሰት ተሸለመች፤ ሽልማቷን ግድግዳ ላይ የሰቀልሁት እኔ ነኝ። ማሪሳም በአማርኛ ማስጠናት ተማረች። ተረት ግን አላወራችም።

ከዚያ አንድ እሑድ የማሪሳ እናት በስልክ ምስል ደወለች። ኔትወርኩ እየቆረጠ፣ ፊቷ እየተሰነጣጠቀ ይታያል፤ ጥርሷ የወለቀ፣ ዓይኖቿ የሚስቁ አሮጊት ናት። ቤዛን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ቤዛ ወደ እናቷ አየች። አሮጊቷ ቀስ አድርጋ ደገመችላት። ቤዛ ትከሻዋን ሰብቃ፣ «እማዬ፣ አልገባኝም በያት» አለችና ወደ ጨዋታዋ ሮጠች። በስልኩ ውስጥ አንድ አጭር ንግግር ተሰማ፤ ማሪሳ አልተረጎመችውም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ «እናትሽ ምን አለች?» አልኋት።

ምጣድ ማሸት ጀመረች። «‹ይቺ የጎረቤት ልጅ ናት? የእኔዋ የት ሄደች?› አለች።»

በዚያ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ብዙ ዓመታት ያላነሣሁትን ነገር አነሣሁ። እናቴ በመጨረሻ ሕመሟ ጊዜ አማርኛዋ ጥሏት ሄደ። እኔ የገበያውን እንጂ የተረቱን ኦሮምኛ አላውቅም፤ ውኃ ስትል ውኃ አቀርባለሁ፣ ብርድ ስትል ብርድ ልብስ እጨምራለሁ። አንድ ቀን ግን የእጄን አንጓ ይዛ ረጅም ነገር ስታወራኝ ዋለች። የአካባቢው ተወላጅ የሆነች አስታማሚ ነርስ ፈገግ ብላ፣ «መምህር፣ ተረት እኮ ነው የሚነግሩዎት። ልተርጉምልዎት?» አለችኝ። ውጭ የሚጠብቁኝ እንግዶች ነበሩ። «በኋላ» አልኋት። ኋላ የሚባል ጊዜ አልመጣም።

የዚያኑ ዕለት ምሽት ወደ ማዕድ ቤት ገባሁ። «ማሪሳ፣ ለልጅቱ ተረት አውሪላት። በራስሽ ቋንቋ» አልሁ።

«እምቢ ትላለች፣ አባባ።»

በእርግጥም ቤዛ ደብተሯን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ነበር። «በዚህ ቤት ሁላችንም የምንሰማው ቋንቋ ነው የሚወራው» አለች። «እርስዎ ነዎት ያሉት።»

በትምህርት ቤት ዘመኔ መልስ ያጣሁለት ተማሪ አላስታውስም። ይቺ የሰባት ዓመት ልጅ ግን በራሴ ቃል ያዘችኝ። ከዚያ ዱካ ስቤ ከሰሉ ፊት ተቀመጥሁ። ማሪሳን «እንግዲያው ለእኔ አውሪልኝ» አልኋት።

«አይገባዎትም እኮ።»

«አውቃለሁ። ስለከለከልሁሽ ተረት ብቻ ሳይሆን ስላዞርሽው ትሪም ይቅር በዪኝ» አልሁ፤ ንግግሬ ራሱ ተወላገደብኝ።

ማሪሳ ሳቀች፤ ቀጥሎም ዓይኗን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ ጀመረች። አንድም ቃል አልገባኝም። በጣቶቿ አንድ ብዙ እግር ያለው ፍጥረት በጉልበቷ ላይ ስታስሄድ አየሁ፤ እንደ ማዕበል የሚመላለስ አንድ ዐረፍተ ነገር ሰማሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር የኖርሁ ሰው፣ ምንም ሳልረዳ ማዳመጥ ምን ያህል ብቸኛ እንደሚያደርግ ያን ዕለት ዐወቅሁ። ይህቺ ሴት በቤቴ ስንት ወራት እንዲህ ተቀምጣ እንደነበረም ዐሰብሁ።

ተረቱ መካከል ላይ ሲደርስ ከበሩ በኩል «ኧረ እንደዚያ አይደለም!» የሚል ድምፅ መጣ። ቤዛ ናት። ማሪሳ አንድ ነገር ላይ ተሳስታ ወይም ዘላ ኖሯል፤ ሆን ብላ ይሁን ረስታ እስካሁን አልጠየቅኋትም። ልጅቱ ትክክለኛውን በአማርኛ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አልመጣላትም። ቆመች፤ ግንባሯን አኮማተረች። ከዚያ አንድ ቃል፣ የእናቷን አገር ቃል፣ ካለበት ጎትታ አወጣች። ማሪሳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቤዛ ደብተሯን ጥላ መጣች፤ ሁለቱ ስለዚያ ፍጥረት መከራከር ጀመሩ፤ እኔ መኖሬን ረሱት።

አሁን ቤዛ አድጋለች። እሑድ እሑድ ሦስቱ፣ አሮጊቷ በስልኩ ውስጥ፣ እናትና ልጅ በዚህ በኩል፣ ሲያወሩና ሲስቁ ከአጠገባቸው ዱካዬ ላይ እቀመጣለሁ። ከተረቶቹ የአንዱን እንኳ መጀመሪያና መጨረሻ አላውቅም። አንዳንዴ ቤዛ ዞር ብላ፣ «አባባ፣ ልተርጉምልዎት?» ትለኛለች።

«ተዪው፣ ቀጥሉ» እላታለሁ። እሷ ለእኔ ልትተረጉም ስትቆም አያቷ ማዶ ዝም ትላለች፤ እኔ ደግሞ ያች ሴት ዝም እንድትል አልፈልግም።