ዳምጠው ያጠባቸው ሳንቲሞች

ዳምጠው ስጦታ ተቀብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓ.ም. ጥር፣ ከዲላ ወዲያ ኮንጋ ያለው የቡና ማጠቢያ የዓመቱን ሥራ ሲዘጋ፣ በየዓመቱ የሚመጣው ሽማግሌ አሜሪካዊ ቡና ገዢ ለሒሳብ ሹሙ ለወንድይፍራው አዲስ ሞባይል ሰጠው፤ ለዳምጠው ደግሞ ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን። ሣጥኑ ውስጥ ከብር የተሠሩ፣ የጠቋቆሩ የድሮ የአሜሪካ ሳንቲሞች ተደርድረዋል፤ ባንድ ወገናቸው የሴት ራስ፣ በሌላው ንስር አለባቸው።

ሞባይል ይጮኻል፣ ሰው ያየዋል። የጠቆረ ሳንቲም ምን ያደርጉበታል? ወንድይፍራው፣ መጣሉ ከብዶት ይሆናል አንተ ላይ የጣለው እያለ ሲስቅ ዳምጠውም አብሮ ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ሆዱ ግን አረረ።

ያንን ማጠቢያ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የመራው እሱ ነው። ቡናው ገንዳ ውስጥ ከርሞ የሚያሟልጨው ነገር መልቀቁን፣ ፍሬውን በመዳፉ አሽቶ የሚያውቅ እሱ ነው፤ እሱ በቃ ሳይል ውሃ አይለቀቅም። ሽማግሌው በመጣ ቁጥር አጠገቡ ቆሞ እነዚያን እጆች ሲያይ ይውላል። ታዲያ አክብሮት ነው የሰጠው ወይስ ትራፊውን ጥሎለት ነው የሄደው? ዳምጠውን የበላው ይኸው ነበር።

ይቀመጣል፣ ይነሳል። ሣጥኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ቦታ ይለውጥለታል። ሚስቱ አትጠገብ፣ ሰጠህ፣ ተቀበልክ፣ አለቀ ብትለውም ጆሮ አልሰጣትም። በመጨረሻ ዋጋቸውን ባውቅ የሰውየውንም ልብ አውቃለሁ ብሎ ዲላ ሄዶ ወርቅ ቤት ያለውን አብዱልአዚዝን አማከረው። አብዱልአዚዝ የድሮ ሳንቲም እየገዛ አዲስ አበባ ላሉ ሰብሳቢዎች ይሸጣል። ነገሩን ሰምቶ፣ ማክሰኞ ይዘሃቸው ና፣ ግን እንዳሉ፣ ምንም ሳትነካካቸው፣ አለው።

ይቺ «እንዳሉ» የምትባል ቃል ናት ዳምጠውን የቆረቆረችው። ቡና አገር ያደገ ሰው ነጋዴን ያውቃል። እንዳለ አምጣው የሚልህ፣ ያልታጠበውን፣ ከነገለባው የደረቀውን ጀንፈል በርካሽ ወስዶ ሊያተርፍብህ ነው፤ የታጠበ ቡና ዋጋው እንደሚበልጥ እዚያ ሕፃንም አይስተውም። ዳምጠው እኔን አያሞኘኝም ብሎ ፎከረ። አትጠገብ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብትለውም፣ ሰኞ ጠዋት ሎሚና አመድ ይዞ ጓሮ ተቀመጠ። እንደ ቡናው እያሸ፣ እያለቀለቀ፣ መልሶ እያሸ፣ የሴትዮዋ ጉንጭ እስኪያበራ ድረስ ፈተጋቸው። ደስ አለው። ያን ቀን ምሳውን አጣጥሞ በላ።

ማክሰኞ አብዱልአዚዝ ሣጥኑን ከፈተ። በአጉሊ መነጽሩ አንዷን አገላብጦ አየና ቀስ ብሎ አስቀመጣት።

«ጋሽ ዳምጠው፣ ማን አጠባቸው?»

«እኔ ነኛ» አለ ዳምጠው ኮራ ብሎ። «ከእኔ ወዲያ ማን ማጠብ ያውቃል?»

አብዱልአዚዝ እንዳያስከፋው እየተጠነቀቀ አስረዳው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ጥቁረት ነበር፤ ዘመን ያመጣው ነውና ማንም መልሶ አይሠራውም። አመዱ ደግሞ ፊታቸውን ጫጭሮታል። ከእንግዲህ እንደ ተሰበረ የብር ጌጥ በሚዛን ቢሸጡ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ዳምጠው ሳንቲሟን አንስቶ ወደ ሣጥኑ መለሳት። የመጣበትን ጉዳይ ግን አልረሳም።

«ባላጥባቸው ኖሮስ?»

አብዱልአዚዝ መልሱን ከመስጠቱ በፊት ሣጥኑን ዘጋው።

«እንዲህ ያለውን ሳንቲም ሰው ለልጁ ነው የሚያወርሰው። ሰውየው በጣም አክብሮሃል፣ ጋሼ።»

ሲባዝንለት የከረመው መልስ ይኸው ተገኘ። ዳምጠው ወደ ኮንጋ ሲመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ መስኮት ዳር ተቀመጠ። መንገዱን ሙሉ፣ ምነው ሰውየው ንቆኝ በሆነ ኖሮ፣ እያለ ተመኘ።

አትጠገብ ደጅ ጠብቃ ምን አለህ አለችው።

«አክብሮኝ ነበር» አላት።

ሎሚና አመድ ያሻከረውን እጁን ኪሱ ከተተ። ቡና ሲደርስ ሽማግሌው ይመለሳል፤ እንደ ልማዱም አጠገቡ ቆሞ እነዚህኑ እጆች ሲያይ ይውላል።