ሳሙናና የወንድማማቾቹ ትራክተር

የታላቅ እህቴ ባል የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነው። ሰፈርተኛው «ሳሙና» ይለዋል፤ በሥራ ልብሱ ኪስ ሳሙና ይዞ ስለሚዞርና በቀን አሥር ጊዜ እስከ ክርኑ ስለሚታጠብ። ሌላ ሰው በጠጣበት ብርጭቆ ውኃ አይጠጣም። ሳህኑ ላይ ፀጉር ካየ ሁለት ቀን ምግብ ይጠላል። እንዲህ ያለውን ሰው ዕድሜውን ሙሉ በቅባትና በጥላሸት ውስጥ ያኖረ አምላክ ጨዋታ የማያውቅ አይምሰላችሁ።

ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ወደ ጋራዡ መጡ። ሁላችንም «እማማ» እንላቸዋለን። ባላቸው ሲሞቱ አንድ ማሳ፣ አንድ ትራክተርና ሁለት ወንዶች ልጆች ትተውላቸው ነበር። ልጆቹ «ትራክተሩ የኔ፣ የኔ» ሲባባሉ ሆድና ጀርባ ሆነው፣ አንድ ግቢ እየኖሩ ከተነጋገሩ አራት ዓመታቸው ነው። ትራክተሩም በመጋዘን ቆሞ ቀረ፤ ማሳውም ጦም አደረ።

«ልጄ፣ መሬቱን የሚገዛው ሰውዬ ዓርብ ጠዋት ይመጣል» አሉት። «እስከዚያ ካልታረሰ መሬቱን ልሸጥለት ቃል ገብቻለሁ። ሆዴ ግን አልቆረጠም። ትራክተሩ ይነሣ ይሆን?»

«ሳላየው ምን ብዬ ልዋሽዎት፣ እማማ?»

ሰኞ ጠዋት መሣሪያ ላቀብለው አብሬው ሄድኩ። የመጋዘኑን በር ስንከፍት የመጣብን ሽታ ወደ ኋላ ገፋን። የነጂው ወንበር የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። የናፍጣው መያዣ፣ ሰልባትዮው፣ ክዳን የለውም፤ አፉ ላይ አንድ ጨርቅ ተወትፎበት ነበር፤ እሱንም አይጥ በልቶታል። ሳሙና ሽቦ ቆልምሞ አስገባና አንድ የሞተ አይጥ ስቦ አወጣ። ቀጥሎ ሁለተኛ። ሦስተኛው ሲወጣ ሽቦውን ጥሎ ወደ ውጭ ሮጠ፤ ቁርሱን ከግድግዳው ሥር ተወው።

«አይጥ ብቻ ቢሆን ምን አለ!» አለኝ አፉን እየጠረገ። «ሾርባ ነው የሠሩበት! ይሄ ናፍጣ ነው? ተወኝ፣ እኔ ወደ ቤቴ ልሂድ።»

«እማማስ?»

ምራቁን ተፍቶ ተመለሰ። እኔም በልቤ አመሰገንኩ።

ሞተሩን ሲመለከት ግን ከአይጡ የባሰ ነገር አገኘ። ከፓምፑ ናፍጣውን ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚያደርሱት አራቱም ቀጫጭን ቱቦዎች የሉም። አልተሰበሩም፤ በቁልፍ ተፈትተው ነው የተወሰዱት።

«እማማ፣ ይህን አይጥ አይፈታውም» አላቸው።

አሮጊቷ በሩ ላይ እንደቆሙ መሬት መሬት አዩ። «ታላቁ ክዳኑን ወሰደ፣ ‹እኔ ሳልፈቅድ ማንም አይነዳውም› ብሎ። ታናሹ ይህን ሲያይ ቱቦዎቹን ፈታ፤ ‹እሱ ከሚነዳው ይበስብስ› አለ። ምን ላድርግ ልጄ? ሁለቱንም የወለድኩ እኔ ነኝ።»

ሳሙና በየሲሊንደሩ ቅባት ጨምሮ የተጣበቀው ሞተር እንዲላቀቅ ሁለት ቀን ተወው። በእነዚያ ቀናት ሰልባትዮውን አውርዶ አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ አምስት ጊዜ አጠበው። ከአየር ማጣሪያው ውስጥ የአይጥ ጎጆ ከነልጆቹ በእጁ ዝቆ አወጣ። በዛቀ ቁጥር «ኤጭ!» ይል ነበር። ማታ እህቴ ያቀረበችለትን እራት ሳይነካ ይተኛል።

ሐሙስ ቀን ሁለቱን ወንድማማቾች «የወሰዳችሁትን ይዛችሁ ኑ» ብሎ አስጠራ። ታላቁ ክዳኑን፣ ታናሹ ቱቦዎቹን ይዘው ከግራና ከቀኝ መጡ።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አለ ታላቁ።

«ስማው እንግዲህ!» አለ ታናሹ ወደ ግድግዳው ዞሮ። «የጽድቅ ሥራ መሆኑ ነው!»

ሳሙና ክዳኑን ከተጠቀለለበት ነጭ ጨርቅ አወጣው። ያበራል። ቱቦዎቹም ቅባት ተቀብተው፣ ጫፍ ጫፋቸው በላስቲክ ታስሮ ነበር። አንድ ነጥብ ዝገት የለባቸውም። ፊቱ ሰኞ ዕለት ሽቦውን ሲጥል እንደሆነው ሆነ።

«እናታችሁ የሚኖሩበት ቤት ጣራ ያፈስሳል» አላቸው። «ትራክተሩ በስብሷል፣ መሬቱ ሊሸጥ ነው። ቂማችሁ ግን አንድ አቧራ አልነካውም! በየስንት ጊዜው ነው የምትቀቡት? በየወሩ? እኔ ከዚያ ሰልባትዮ የሞተ አይጥ ጎትቼ አውጥቻለሁ፤ እንደዚህ ግን አልቀፈፈኝም።»

«እሱ ነው መጀመሪያ...» ማለት ጀመረ ታናሹ።

«ዝም በል! ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ። ሁለታችሁንም በየሳምንቱ ለጸሎት ከፊት ረድፍ ቆማችሁ አያችኋለሁ።»

ይህን ብሎ ቱቦዎቹን ገጠመ፣ አዲስ ናፍጣ ሞላ፣ ቱቦ ውስጥ የገባውን አየር በእጅ ፓምፑ አስወጣ። ባትሪ ከራሱ መኪና አምጥቶ አሰረ። ሞተሩ ጥቂት አጉረመረመና ቀጥ አለ። ሁለተኛም እንዲሁ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የእኔም። በሦስተኛው አስነጠሰ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ያራት ዓመት ጥላሸቱን በወንድማማቾቹ ሸሚዝ ላይ ተፍቶ ተነሣ!

ወንድማማቾቹ ጥላሸቱን እንኳ ሳይጠርጉ ወደ ወንበሩ ተሽቀዳደሙ። እጃቸው መሪው ላይ ተገናኘ።

«ውረዱ!» አለ ሳሙና። የዶሮ ኩስ የሞላበትን ወንበር በጨርቅ ጠርጎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠበት። «እኔ ነኝ የማርሰው። እናንተ ከኋላ ድንጋይ ልቀሙ።»

ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ ማሳው ገባን። ገዥው ሲደርስ ግማሹ ታርሶ፣ አፈሩ ጥቁር ሆኖ ተገልብጦ ነበር። እማማ ከዳሩ ቆመው ጠበቁት።

«ይቅርታ ልጄ፣ በከንቱ አደከምኩህ። አይሸጥም።»

ሰውዬው ትራክተሩንም እሳቸውንም አይቶ ሄደ።

ማሳው መካከል ማረሻው ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጋር ተጋጨና ሳሙና ቆመ። ታላቁ ብቻውን ገፋው፤ አልነቃነቀውም። ታናሹም በተራው ታገለው፤ ያው ነው። ሳሙና ሞተሩን ሳያጠፋ እጁን አጣጥፎ ያያቸዋል። በመጨረሻ ታላቁ ቀና ሳይል፦

«በዚያ በኩል ያዝ» አለ።

ታናሹ ያዘ። ድንጋዩ ተነቀለ።

«አራት ዓመት ሙሉ፣ ለሦስት ቃል!» አለ ሳሙና፤ ምራቁን እንትፍ ብሎ ማርሽ አስገባ።