ገብሱ የበላው ጨው

ትናንት ሐኪሙ «ከዛሬ ጀምሮ ጨው ቀንስ» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ... የሳቅኩት ግን በእሱ አልነበረም፣ እትዬ ዘነበች ትዝ ብለውኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ ጎፋ፣ እትዬ ዘነበች ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ ገብስ ጨዋማ አፈርን እንዴት እንደሚችል ነው። ሠላሳ የወተት ቆርቆሮ አጥሩ ስር ደርድሬ፣ ሁለት ዓይነት ገብስ ዘርቼ፣ በየሁለት ቀኑ የጨው ውሃ አጠጣለሁ። ካልተሳካልኝ መመረቅ የለም።

ችግሩ ጨዉ ነው። ያኔ ከቀበሌ ሱቅ በኮታ ነው የሚገኘው፣ እሱም ሲመጣ። የእኔ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አለቀ። አንገቴን ደፍቼ ስዞር ያዩኝ እትዬ ዘነበች አንድ ጣሳ ሙሉ ጨው ይዘውልኝ መጡ።

«እንካ። እኔን እንደሆነ ጨው ሐኪም ከልክሎኛል።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ... በመታመማቸው ደስ አለኝ።

ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ ሆነ። እሳቸው ይሰጡኛል፣ እኔ ገብስ ላይ እደፋለሁ። ጎረቤት «ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው?» ሲል «ትምህርት ነው፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ» ብለው ዝም ያሰኙልኛል። ምሳዬንም በሳህን ይልኩልኛል።

አንደኛው ገብስ ቢጫ ሆኖ ተኛ። ሌላው ለምለም እንዳለ ነው። ምክንያቱን ማሳየት ነበረብኝ። ጨው ሲበዛ ቅጠሉ ውስጥ የሚያቃጥል መርዝ ይፈጠራል፤ ጠንካራው ገብስ ግን መርዙን የሚያከሽፍ መከላከያ ራሱ ይሠራል። ፋርማሲ የሚሸጠው የቁስል ማጠቢያ ከዚያው መርዝ ወገን ነውና፣ የተወቀጠ ቅጠል ላይ ጠብ ሲደረግ መከላከያው ካለ አረፋ ይወጣል። የቢጫው ትንሽ አረፋ አወጣና ቀረ። የለምለሙ ከብርጭቆው ገነፈለ።

ብርጭቆውን እንደያዝኩ እነ እትዬ ቤት ዘው አልኩ። ከባለቤታቸው ከጋሽ ወርቁ ጋር ምሳ እየበሉ ነው። እትዬ ግን «እንብላ» አላሉኝም... ጭራሽ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። መንገደኛ እንኳ ሳያጎርሱ የማያሳልፉ ሴት። ቅር አለኝና ሳልጠራ ቁጭ ብዬ ጎረስኩ።

ሽሮው ጨው የሚባል አልነካውም።

«ያንተ እዚያ ትንሿ ድስት ውስጥ ነው» አሉ እትዬ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ወደ ጋሽ ወርቁ ዞርኩ። «እርስዎንም ሐኪም ከለከለዎት?»

«ሁለት ወር ሆነኝ። ሐኪሙን ግን እስከ ዛሬ አላየሁትም» ብለው ጎረሱ።

ማልቀሱም መሳቁም አቃተኝ።

«እትዬ፣ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ትወስደው ነበር? ይልቅ እሱን አረፋ አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ብዙ አዩት።

«አንጀቷን አስራ ነው እኮ የቻለችው፣ ምስኪን» አሉ። ስለ ገብሷ ነው።

ተመረቅኩ። እልልታው የእሳቸው ነበር።

ዛሬ ምሳ ላይ እንደታዘዝኩት ሽሮዬን ያለ ጨው ሞከርኩት... ሦስት ጉርሻ አልሞላሁም። እትዬ ዘነበች፣ ሁለት ወር? ለገብስ?