የእንኮይ ቅጠል በልብስ ሰፊው ቤት

በላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እንደገና» ነው የሚሏት። አንድ ውጤት ባልደረቦቿን ደስ ባሰኛቸው ቁጥር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «መልካም፤ እስቲ እንደገና እንየው» ስለምትል ነው። የእንኮይ ቅጠል ስታደርቅ፣ ስትፈጭ፣ በአልኮል ስትዘፈዝፍና ስታጣራ ጠጉሯ ሸብቷል።

እንዲህ ያለች ሴት አንድ ቀን ብቻ ቸኮለች። የቅጠሉ ጭምቅ የታመሙትን አይጦች ስኳር ማውረዱን ባየች ዕለት በቀጥታ ወደ ታላቅ ወንድሟ ሄደች። ወንድሟ ልብስ ሰፊ ነው፤ ስኳር በሽታ ከያዘው ከርሟል። ደስታዋን ለእሱ ካልነገረች ለማን ትንገር? ነገረችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሰንበት ብላ ስትመለስ ከስፌት መኪናው ጀርባ ማሰሮ ይንተከተካል። ቅጠሉ፣ ቅርፊቱ፣ የፍሬው ዘር ሳይቀር አንድ ላይ ይፈላል። የሐኪም ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ከቁልፍና ከክር ጋር ተቀላቅሏል።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ያንቺው መድኃኒት ነዋ! የገዛ እህቴ ካገኘችው ወዲያ ክኒን ምን ያደርግልኛል?»

«እኔ ያየሁት አይጥ ላይ ነው።»

«አይጥ ከኔ በምን ይበልጣል?»

«ይጉዳ አይጉዳ ገና አላወቅንም። ታገሥ።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትዪኝ ነው። ያንቺ እንቁላል እኮ ሄዶ ሄዶ ጡረታ ሊወጣ ነው!»

ብርጭቆውን ጨለጠና ሊሸኛት ተነሣ። ያኔ አየችው፤ ተረከዙ ላይ የልብስ መርፌ ተሰክቷል። እሱ አልተሰማውም፤ ስኳሩ እግሩን አደንዝዞታል። ተንበርክካ ነቀለችና አሳየችው። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ፤ ማሰሮው ግን ከምድጃው አልወረደም። የጨነቀው ሰው ተስፋውን በመስፈሪያ አይጠጣም፤ ሲሆን በማሰሮ፣ ሳይሆን በእንስራ ነው።

«ከዚህ ቀድቼ እወስዳለሁ» አለች። «እስክመረምረው ክኒንህን ትውጣለህ። እምቢ ካልክ እየመጣሁ አስውጥሃለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ውኃ ይዛ ፊቱ ትቆማለች። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ ደንበኞች፣ «ዘብህ መጣች» እያሉ ይስቁበታል። እሱም ክኒኑን ይውጥና፣ ዞር ስትል ከማሰሮው ይደግማል።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ከማሰሮው ቀድታ ያመጣችውን ጠርሙስ አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ። «ጥናታችን እኮ የቅጠል ጭምቅ ነው። ይሄን ምን ብለን እንጥራው?»

«ሰው የሚጠጣው ይሄንን ነው» አለችው። «ማንም የማይጠጣውን መርምረን ደህና ነው ብንል ምን ይጠቅማል?»

ለአንዱ ወገን ጥቂት፣ ለሌላው ወገን ብዙ እየለካች ለአይጦቹ ሰጠች። ጥቂት የወሰዱት ስኳራቸው ወረደ፤ ጉዳትም አልታየባቸውም። ብዙ የወሰዱት ጠጉራቸው ቆመ፣ መብላት ተዉ፤ ሲመረመሩ ጉበታቸው ተበላሽቷል። «እንደገና» አለች። ያን ጊዜ ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው እንዲለይ ከልቧ ተመኘች። አልተለየም።

ሁሉንም ሳትደብቅ ነገረችው። እጁን ከጨርቁ ላይ አንሥቶ አዳመጣት።

«ታዲያ እኔ የምጠጣው የቱን ነው? ጥቂቱን ወይስ ብዙውን?»

«አላውቅም። አንድ ቀን ቅጠሉ ይበዛል፣ አንድ ቀን ዘሩ። ጋሼ፣ አንተ ሳትለካ ትቆርጣለህ?»

እጁ አንገቱ ላይ ወደተንጠለጠለው ሜትር ሄደ። ከዚያ ተነሥቶ ማሰሮውን በጨርቅ ያዘና ደጅ ወጥቶ ደፋው።

«ዛፉንስ ልትተዪው ነው?» አላት ተመልሶ።

«ለምን ብዬ? ስኳር ማውረዱ ውሸት አይደለም። የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ሳልለይ አልለቀውም።»

«ታዲያ ፍጠኚ፤ እኔ አይጥ አይደለሁም፣ ምትክ የለኝም።»

ክኒኑን ዘረጋችለት። ፊቱን አኮሳትሮ ዋጠና እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ አሳያት። «ይኸው! በቃሽ?»

«ነገም እንደገና» አለችው፤ መነጽሯን ወደ ዓይኗ መልሳ ወደ ሥራዋ ሄደች።