አውራ ጣት የሌለው እጅ

ደብረ ማርቆስ ዳር ያለውን የድንጋይ ድልድይ የማያውቅ የለም፤ ሙሽራ ሁሉ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው። መደገፊያ ግንቡ ላይ አራት ጣት ብቻ ያለው የእጅ አሻራ አለ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። አሻራው የድልድዩ መሐንዲስ እጅ እንደሆነ፣ አውራ ጣቱንም ድማሚት እንደወሰደበት ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ከማን እንደሰማሁት ግን እንጃ።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ለዓይን ሕክምና ከደብረ ኤልያስ መጣች። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ባጃጁን አስቆምኩና ታሪኩን አንበለበልኩላት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል እማዬ?»

«የኔ እጅ እኮ ነው!»

ልጅ ሆና እዚሁ ሰፈር አክስቷ ዘንድ ነበረች። ግንቡ ሲጠገን፣ ሠራተኞቹ ምሳ ሄደው ሳለ፣ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ መዳፏን ለጠፈችበት።

«አውራ ጣትሽስ?»

«የእህቴን ቀለበት ሰርቄ አድርጌበት ነበር። ሲሚንቶ እንዳይነካው ብዬ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። ዘበኛው ደርሶ እስከ ገበያው አባረረኝ።»

ይህን ስታወራ አንድ አስጎብኚ እንግዶች አስከትሎ መጣና ያንኑ የመሐንዲሱን ታሪክ ጀመረ። እናቴ የዋህ መስላ ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ የመሐንዲስ እጅ እንዲህ ትንሽ ነው?»

«የድሮ ሰው እጁ ትንሽ ነበር፣ እማማ።»

«እውነትክን ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ቀለበት ይወድ ነበር።»

«አዩት? በዓይንዎ?»

«በደንብ ነዋ! ሩጫ ላይ የሚደርስበት አልነበረም።»

ልጁ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። እሷ ግን ቅንድቧን እንኳ አላነቃነቀችም። ባጃጁ ውስጥ ገብተን ለምን እውነቱን እንዳልነገረችው ብጠይቃት፣ «ያን ሁሉ መንገድ የመጡት መሐንዲስ ሊያዩ ነው፤ ሌባ ልጅ ምን ያደርግላቸዋል?» አለችኝ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ስህተቴን አመንኩ፤ አሻራው የአንዲት ትንሽ ልጅ መሆኑን ተናገርኩ። ከፊት የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ማስረጃዎ ምንድን ነው?»

«እናቴ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በፈተናው ላይ ሁሉም «መሐንዲሱ» ብለው መለሱ። አንዱማ ሯጭ እንደነበር ጨምሮበታል። ምን ላድርግ፣ ነጥቡን ሰጠሁት።