ስለ ዓሣው የጻፍኩት ቃል

አንኮበር ያስገቡኝ ቤት መስኮት አልነበረውም። ጉሙ በበሩ ስንጥቅ እየገባ የምንተኛበትን ገለባ ያረጥበዋል። የአንድ መኰንን ጸሐፊ ነበርኩ። ጌታዬ ሸፈተ ተብሎ ሲከሰስ፣ ያልጻፍኩትን ደብዳቤ አስጽፎኛል ብለህ መስክር አሉኝ። እምቢ አልኩ። ቀኝ እግሬን ከአንድ ሽማግሌ ግራ እግር ጋር በሰንሰለት አሰሩት።

ሽማግሌው ከዝዋይ ደሴት የመጡ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። የደሴቱ ሰዎች አንገብርም ባሉ ጊዜ ነው የተያዙት። አያ እላቸው ነበር።

አንድ ረፋድ የዘበኞቹ አለቃ ሦስት ዓሦች ከነሕይወታቸው በትልቅ ገበቴ ውሃ አስመጣ። ለራሱ ጌታ ምሳ ነው። ማረድ የሚያውቅ ስለጠፋ ሽማግሌውን አስጠራ፤ ሰንሰለቱ አንድ ነውና እኔም አብሬ ወጣሁ።

ሽማግሌው አንዱን ዓሣ ቀደው ከሆዱ ነጭ ፊኛ አወጡ። በነፋስ የተወጠረ ነበር።

«ክንፉ መቅዘፊያው ነው» አሉኝ። «ሳይንቀሳቀስ መሀል ውሃ ላይ የሚያቆመው ግን ይኸ ነው። ነፋሱ ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ይወርዳል።»

ነፋሱን ከየት ያገኘዋል ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዳንዱ ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ ነፋስ ሲጎርስ አይተዋል፤ የሌላውን አያውቁም።

አለቃው ሳቀባቸው። ሽማግሌው ከአጥሩ ረጅም እሾህ ሰብረው ከቀሩት የአንዱን ጎን ወጉ። ጥቂት አረፋ ወጣ፤ ዓሣው ወረደ። እየቀዘፈ ይነሳል፣ ሲያርፍ ይሰምጣል። ያልተወጋው ከበላዩ ዝም ብሎ ቆሟል።

ከዘበኞቹ አንዱ አማተበ። የአለቃው ፊት ተለዋወጠ፤ ድግምት ነው አለ። በድግምት የተከሰሰ እስረኛ ወደ ቆላ ይወሰዳል፤ የተመለሰ አላየንም።

ወረቀትና ብዕር አስመጣልኝ። «ድግምት ደግሞ ዓሣ አሰመጠ ብለህ ጻፍ። ዛሬውኑ እግርህ ይፈታል።»

ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። የታረደውን ዓሣ ማጠብ ቀጠሉ።

ለቤተ መንግሥት እንደምጽፍ አድርጌ፣ ፊደሉን አሳምሬ ጻፍኩ። አለቃው ማንበብ አይችልምና ዘበኞቹ ሁሉ እየሰሙ አነበብኩለት፤ «ዓሣ በሆዱ ነፋስ የያዘ ፊኛ አለው። ፊኛው ሲወጋ ነፋሱ ወጣ፣ ዓሣውም ሰመጠ። ሰውዬው አንድም ቃል አልደገመም። በዓይኔ አየሁ።» ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ነበር፤ እሱንም አነበብኩት።

አለቃው ወረቀቱን ሊቀድደው ሲል ያ ያማተበው ዘበኛ፣ «ጌታዬ፣ እኛም ያየነው ይኸንኑ ነው» አለ።

የድግምቱ ክስ ቀረ። እኔ ግን ሁለት ክረምት ተጨመረብኝ። ሽማግሌው ቀድመውኝ ተፈቱ፤ ሲለዩኝ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ብል ከለከሉኝ።

አሁን እኔም ሸምግያለሁ። ስለ እስሬ የሚጠይቁኝ ሰዎች ጌታዬን ባለመካዴ ያመሰግኑኛል። እኔ የምኮራው በዚያች ወረቀት ነው። የጌታዬን እንጀራ ብዙ ዘመን በልቻለሁ፤ ከሽማግሌው ግን የበላሁት አልነበረም።