ጭሱን የሚጠይቁት አያቴ

አያቴ ነገር ሁሉ ጠይቀው ነበር የሚያደርጉት፤ ጭስ እንኳ ሳይቀር። ቡሬ ባለው አሮጌ ቤታችን፣ የማድ ቤቱ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ከተለወጠ ወዲህ ጭሱ መውጫ አጥቶ የሴት አያቴን ዓይን ፈጀው። አናጢ መጥቶ በበሩ ትይዩ መስኮት ሊቀድ ሲል፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ጭሱን እንጠይቀው» አሉት።

«ጭስ ይናገራል እንዴ፣ አባባ?» አለ አናጢው።

«ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

እርጥብ ቅጠል አጭሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡና፣ እያሳሉ፣ አንገታቸውን አዘንብለው የሚሄድበትን አዩ። በተሰበሰበበት ግድግዳ ላይ በከሰል ምልክት አደረጉ። መስኮቱ እዚያ ተቀደደ፤ ጭሱም ወጣ።

ባለፈው ሳምንት የአርባቸውን ድግስ እዚያው ስናሰናዳ በርጩማቸው ባዶ ነበር። ሴት አያቴ ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ «ጭሱ ነው?» አልኳቸው።

«የምን ጭስ፣ ልጄ? ለማመካኛ እንኳ አላስቀሩልኝም።»